የአክሪሊክ ገንዳ ስናጸዳ የምንሠራቸው ስህተቶች (መጀመሪያ ሽቦውን አስቀምጡ)

ባለፈው ሳምንት አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ ፎቶ ላከችልኝ። ነጭ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ነው፤ መሀሉ ግን ግራጫ ሆኗል። «እትዬ፣ ሦስት ጊዜ ፈተግኩት፤ እየባሰበት ሄደ» ትላለች። በምን እንደፈተገችው አልጠየቅኳትም። ሽቦው ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይታያል።

ቦሌ አካባቢ በእንግዳ ማረፊያዎችና ከነዕቃቸው በሚከራዩ አፓርታማዎች ውስጥ ለዓመታት የጽዳት ኃላፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። በእነዚያ ዓመታት እድፍ የጣለው ገንዳ አላየሁም። ተነቅለው ሲወጡ ያየኋቸው ሁሉ በጽዳት የተበላሹ ናቸው። ሁለቱን ያበላሸሁት ደግሞ እኔው ነኝ፤ እሱንም እነግራችኋለሁ።

ገንዳው ከምን እንደተሠራ ሳያውቁ መጀመር

የድሮ ቪላ ቤቶች ውስጥ ያለው ከባድ ገንዳ ብረት ነው። ላዩ እንደ አያቶቻችን ሳህን ኢናሜል የለበሰ ነው። በአዳዲሶቹ አፓርታማዎች የምናገኘው ግን በብዛት አክሪሊክ ነው፤ ማለትም በሙቀት ለስልሶ ቅርጽ የያዘ የፕላስቲክ ሉህ፣ ከጀርባው በፋይበርግላስ የተደገፈ። የመኪና የኋላ መብራት ሽፋንም ከዚሁ ዘር ነው። በዚያ ሽፋን ላይ የማታደርጉትን ገንዳው ላይም አታድርጉ።

ለመለየት ከፍሪጅ በር ላይ ማግኔት አንሱና ገንዳው ላይ ለጥፉ። ከያዘ ብረት ነው። ካልያዘ በጣት አንኳኩት፤ አክሪሊክ የፕላስቲክ ድምፅ አለው፣ ሲነኩትም እንደ ብረቱ አይቀዘቅዝም። ይህን ያህል የምጨነቀው ሁለቱ ጠላታቸው ስለሚለያይ ነው። ኢናሜል ብርጭቆ ስለሆነ ጭረት ይችላል፤ አሲድ ግን ይበላዋል። አክሪሊክ ቀለል ያለ አሲድ ይችላል፤ ጭረትና ቲነር ግን ይገድለዋል። እናታችሁ ያስተማረቻችሁ ለብረቱ ገንዳ ሊሆን ይችላል።

ሽቦ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነው።

ጥር ላይ ነው፣ የሠርግ ወር። ከአሜሪካ የመጣ ቤተሰብ አፓርታማውን ተከራይቷል። ሙሽራዋና ሚዜዎቿ ሂና ተቀብተው እዚያው ገንዳ ውስጥ ታጠቡ። እነሱ በጠዋት ወጡ፣ ቀጣዩ እንግዳ ደግሞ ማታ ይገባል። የገንዳው ወለል ቀይ ወጥ የተደፋበት መስሏል። አዲስ ልጅ ነበረችኝ፣ ሥራ የምትወድ። «እሱን ያዢልኝ» ብያት ዕቃ ልገዛ ወጣሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ላቧ በግንባሯ እየወረደ፣ ፊቷ በርቶ አገኘኋት። «እትዬ፣ ለቀቀልኝ እኮ!»

እውነትም ለቋል። የሞባይሌን መብራት አበራሁና ገንዳው ላይ ከጎን አጋደምኩት። የሸረሪት ድር ነው የታየኝ። አንድ ጭረት በሌላው ላይ፣ ክብ በክብ፣ ከዳር እስከ ዳር። ልጅቷም አየችውና ፊቷ ወዲያው ጠፋ። ልቆጣት አልቻልኩም። በምን እንደምትፈትግ ሳልነግራት የሄድኩት እኔ ነኝ። ከሁለቱ አንዱ ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክሪሊክ እድፍ የማይይዘው ለስላሳ ስለሆነ ብቻ ነው። ሽቦ ያንን ልስላሴ ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ የሳሙና ቅሪት፣ የሰውነት ቅባት፣ የውሃው ደለል ጭረቱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ገንዳው ግራጫ ይሆናል። ግራጫ ስለሆነ እንደገና በሽቦ እንፈትገዋለን። የሁለት ሳምንት እድፍ በሁለት ቀን መምጣት ይጀምራል። በመጨረሻ ባለቤቱ «ይቀየር» ይላል። ገንዳ መቀየር ደግሞ ባልዲ መቀየር አይደለም። ዙሪያውን ያለው ሴራሚክ ይፈርሳል፣ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል፣ ቤቱ ለቀናት ይዘጋል። ይህ ሁሉ በአንዲት ሽቦ!

ሽቦ ስል ሽቦን ብቻ አይደለም። የስፖንጁ አረንጓዴ ፊት እዚሁ ውስጥ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ፣ አመድ፣ ጨው፣ የሴራሚክ ማጽጃ ዱቄት እንዲሁ። ዱቄት ሳሙናም በደረቁ ተበትኖ ሲታሽ ይጭራል፤ መጀመሪያ በውሃ ይሟሟ።

ታዲያ ሂናውን ምን እናድርገው? እናስተኛዋለን። ለብ ባለ ውሃና ላርጎ አንዴ እጠቡት። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ አቡኩ፤ ውፍረቱ እንደ ጥርስ ሳሙና ይሁን። እድፉ ላይ ቀቡትና እንዳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ግማሽ ሰዓት ሌላ ሥራ ሥሩ። ስትመለሱ በለስላሳ ጨርቅ፣ ሳትጫኑ፣ ክብ ክብ እያደረጋችሁ ጥረጉ። ቀለሙ ከገረጣ ነገም ድገሙት። የቆየ ሂና በአንድ ቀን ላይወጣ ይችላል። የፀጉር ቀለምም እንደዚሁ ነው፤ ልዩነቱ እሱን በደረሰ ደቂቃ ካጠባችሁት ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም።

አሲቶንና ዘመዶቹ

ሁለተኛው ጥፋቴ ይሄ ነው። አንዲት እንግዳ ጥፍሯን ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስትቀባ አንድ ጠብታ ቀይ ጥላ ሄደች። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን በጥጥ ነክሬ ጠረግኩት። ቀዩ ወዲያው ወጣ። ደስ አለኝ። ሲደርቅ ግን ቦታው የብር ሳንቲም በሚያህል ክብ ደብዝዞ ቀረ፤ በጣት ሲነካ ሻካራ ነው። አሲቶን አክሪሊክን ራሱን ያሟሟዋል። ያጸዳሁ መስሎኝ ገንዳውን እያቀለጥኩ ነበር።

ቲነር፣ አኳራጅና ቤንዚንም አታስነኩት። የጥፍር ቀለሙ ይድረቅና በሞቀ የሳሙና ጨርቅ ሸፍኑት። ከዚያ በጥፍር ወይም ጊዜው ባለፈ የባንክ ካርድ ጠርዝ ቀስ ብላችሁ አንሱት። የሻማ ጠብታም በዚሁ መንገድ ይነሳል። ቤቱን ቀለም የምታስቀቡ ከሆነ ደግሞ ሠራተኞቹ ከመግባታቸው በፊት ገንዳውን በካርቶን ሸፍኑ። ጠብታውን በቲነር የሚጠርጉት እነሱ ናቸው፤ ያውም በቅን ልቦና።

በረኪና ለሁሉም

በረኪና የሁላችንም መድኃኒት ነው። ዝገት ላይ ግን አይሠራም።

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰው ሰው ገንዳ ማለት ሁለተኛ ሮቶ ነው። ሞልቶ ለቀናት ይቀመጣል። ሲጎድል ውሃው በቆመበት ልክ ቡናማ መስመር ያሰምራል። አብዛኛው ከአሮጌ ብረት ቧንቧ የመጣ ዝገት ነው። በረኪና ዝገትን አያነሳም፤ እንዲያውም ቀለሙን ያጠብቀዋል። በረኪና የተነከረ ጨርቅ ለሊቱን ሙሉ አልብሰው አድረው፣ ጠዋት የባሰ ቡናማ መስመር ያገኙ ስንት ሰዎች ደውለውልኛል።

ዝገት የሚፈልገው ሎሚ ነው። ጭመቁና ጨርቁን ንከሩ፣ መስመሩ ላይ አልብሱት፣ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ከዚያ በብዙ ውሃ እጠቡት። ፍሬው እንዳይጭር አጥልሉት። ጨው ጨምሩበት የሚል ምክር ካያችሁ ለብረት ድስት የተጻፈ ነው፣ እለፉት።

ሎሚ ወይም አቼቶ ከማምጣታችሁ በፊት ግን በረኪና ነክቶት የነበረውን ገንዳ በደንብ አለቅልቁት። ይህን እንደ ዋዛ አትዩት። አንድ ሠራተኛችን ገንዳው ውስጥ በረኪና ከጨመረ በኋላ አልለቅ ቢለው በባዶ ሃይላንድ እየተሞላ የሚሸጠውን አሲድ ደረበበት። ሳል ይዞት ዓይኑን እያሸ በሩን ጥሶ ወጣ። የሚነሳው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ ከአየር ስለሚከብድ ገንዳው ውስጥ ይተኛል፤ እኛ ደግሞ አጎንብሰን የምንፈትገው እዚያው ነው። እንዲህ ከሆነ ለማጠብ አትመለሱ። ውጡ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሳሉ ካልተወ ሐኪም ቤት ሂዱ። ያንን አሲድ ለማንኛውም ገንዳ አጠገብ አታድርሱት፤ የማፍሰሻውን ክሮም በደቂቃ ያጠቁረዋል።

በረኪና የሚጠቅመው ገንዳውና ግድግዳው በሚገናኙበት ሲሊኮን ላይ ለሚበቅለው ጥቁር ሻጋታ ነው። በውሃ ቀጥኖ፣ ለአጭር ጊዜ፣ መስኮት ተከፍቶ።

ነጩን ድንጋይ መፋቅ

ድሬዳዋ የኖረ ሰው ይህን አይጠይቀኝም። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ገንዳው ላይም ይጋገራል። ካልሲየም ነው። በቢላ የሚፍቁት አሉ፤ ተዉ። አቼቶን ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅሉ፣ ሶፍት ንከሩበት፣ የተጋገረው ላይ ለጥፉት። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሶፍቱን ስታነሱ አብሮ ይለቃል፤ ካልለቀቀ ደግማችሁ ለጥፉ። ብረት ገንዳ ላይ ይህን አትሞክሩ፣ ምክንያቱን ከላይ ብያለሁ።

ቶሎ ቶሎ ልበላቸው

የፈላ ውሃ አትድፉበት። ጀሪካን ውስጡ አትጎትቱ፤ ቂጡ ላይ አሸዋ አለ። የዕጣን ማጨሻ ከነፍሙ ጠርዙ ላይ አታስቀምጡ፤ ያ እድፍ አይደለም፣ ቃጠሎ ነው፣ አይታጠብም። የጎማውን ምንጣፍ ስትጨርሱ አንሱት፤ ከሥሩ ሻጋታ ይሠራል። አዲስ ማጽጃ ስትገዙ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ሞክሩት።

የተጫረውንስ?

ተስፋ የሌለው አይደለም። የአክሪሊክ ቀለም ላይ ላዩን የተቀባ አይደለም፣ እስከ ውስጥ አንድ ነው። ስለዚህ ቀላል ጭረት ይወለወላል። የመኪና ቀለም ቀቢዎች በውሃ የሚጠቀሙበትን ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ግዙ፤ ቁጥር 1200፣ ቀጥሎ 2000። ውሃ እያጠጣችሁ፣ ሳትጫኑ። ሲጨርሱ ቦታው ፈዞ ይታያል፣ አትደንግጡ። የመኪና ፖሊሽ በለስላሳ ጨርቅ ስታሹበት ያበራል። ጥፍር የሚይዘው ጥልቅ ጭረት ግን በዚህ አይጠፋም። ወለሉንም እንደ መስታወት አታብሩት፤ እግር ያንሸራትታል።

ፎቶ ለላከችልኝ ልጅ ይህን ሁሉ በድምፅ መልእክት ነገርኳት። ትናንት ሌላ ፎቶ መጣ። ግማሹ ነጥቷል፣ ግማሹ ገና ነው። ጠርዙ ላይ ሽቦው የለም።

«የት አደረግሽው?» አልኳት።

«ኩሽና ወሰድኩት እትዬ፣ ለድስት።»

ድስቱ ቴፍሎን እንዳይሆን ብቻ።