አዲስ የኮሌጅ መምህር ለክፍል እንዴት ይለብሳል?

ተመርቆ በዚያው ዓመት ማስተማር የጀመረ ረዳት ሌክቸረር ብዙ ጊዜ ከተማሪዎቹ የሚበልጠው በሦስት በአራት ዓመት ነው። ጂንስና ቲሸርት ለብሶ ሲገባ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ወሬያቸውን አያቋርጡም፤ እንደነሱ ተማሪ መስሏቸዋል። የልብስ ጉዳይ ከአንጋፋው ፕሮፌሰር ይልቅ የሚከብደው ለዚህ ጀማሪ ነው። ይህን የጻፍኩትም እሱንና እሷን አስቤ ነው።

1. ከልብስ ምን እንደምትጠብቁ እወቁ

እ.ኤ.አ. በ1996 አሜሪካ ውስጥ በታተመ ጥናት ሱፍ የለበሱ መምህራን በተማሪዎች ዘንድ የችሎታ ግምታቸው ከፍ አለ፤ ጂንስ የለበሱት ደግሞ ይበልጥ ተግባቢና አቀራረባቸው የሚስብ ተባሉ። የዚያው ቡድን አባላት በ1999 ባወጡት ተከታይ ጥናት ግን መምህሩ ሲያስተምር ከሚያሳየው ቅርበት፣ ማለትም ተማሪን ዐይን ዐይኑን ከማየት፣ ከፈገግታው፣ ከድምፁ ጋር ሲተያይ የልብሱ ተፅዕኖ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ደመወዛችሁን ሱፍ ላይ አትጨርሱ።

2. የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ጠበቅ አድርጉ

ተማሪ ስለ መምህሩ ፈጥኖ ይፈርዳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ናሊኒ አምባዲና ሮበርት ሮዘንታል እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ 13 መምህራን የሚታዩባቸውን ድምፅ አልባ የ10 ሰከንድ ቪዲዮዎች ለማያውቋቸው ሰዎች አሳዩ፤ የተመልካቾቹ ግምት ተማሪዎች በሴሚስተሩ ማብቂያ ከሰጡት ግምገማ ጋር በእጅጉ ተቀራረበ። ጥናቱ ያተኮረው በሰውነት እንቅስቃሴ ላይ እንጂ በልብስ ላይ አልነበረም፤ ቢሆንም የመጀመሪያው ቀን ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ የተተኮሰ ሱሪ ወይም ጉርድ፣ የተወለወለ ጫማ በቂ ነው። ክራቫት ካስጨነቃችሁ ይቅር።

3. ልብሱን ቤት ፈትኑት

መስታወት ፊት መቆም ብቻውን አይበቃም። ሰሌዳ ላይ እንደሚጽፍ ሰው እጃችሁን ወደ ላይ ዘርጉ። ሸሚዙ ከሱሪው ይወጣል? ብብቱ ይይዛል? ከዚያ የወደቀ ጠመኔ እንደምታነሱ ጎንበስ በሉ። ጥቁር ኮት የጠመኔ ብናኝ አንዴ ካገኘው እጅጌው ነጭ ሆኖ ይውላል፤ ግራጫ ይሻላል። ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ በልካችሁ ያስተካከላችሁት የሰልባጅ ኮት፣ ትከሻው ከወረደ አዲስ ሱፍ ይበልጣል። ተረከዙ ቋ ቋ የሚል ጫማ ደግሞ በፈተና ቀን ተማሪ ይረብሻል።

4. ቦታውንና ሥራውን ምሰሉ

ሰመራ ወይም ጋምቤላ ላይ ስስ የጥጥ ሸሚዝ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሹራብ። ላብራቶሪ ውስጥ ጋዋን፣ ወርክሾፕ ውስጥ ቱታ። ብየዳ የሚያስተምር ሰው በሱፍ ቢመጣ ተማሪው የሚረዳው መምህሩ ሥራውን እንደማይነካው ነው።

ስለ ሴት መምህራን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የወንዱን የተጨማደደ ሸሚዝ አይቶ የሚያልፍ የትምህርት ክፍል ኃላፊ የሴቷን ጉርድ ቁመት ሲለካ ማየት ያሳዝናል። ደንብ ካለ ለሁለቱም እኩል ይሁን፤ በጽሑፍ ይቀመጥ። እህቶቼ፣ የሚመቻችሁንና ቀና ብላችሁ የምታስተምሩበትን ልበሱ።

5. ከወር በኋላ ላላ አድርጉና ተማሪውን ጠይቁ

ተማሪዎቹን በስማቸው መጥራት ስትጀምሩ ኮቱ ቤት ቢውልም ችግር የለም። ያን ጊዜ ብጣሽ ወረቀት አድሉና ስም ሳይጽፉ እንዲመልሱ ጠይቋቸው፦ ድምፄ ይሰማል? ጽሑፌ ከኋላ ይነበባል? የቱ ርዕስ አልገባችሁም? ስለ ልብሳችሁ አትጠይቁ። ወረቀቶቹን በዚያው ማታ አንብቡና በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ብዙዎች አልገባንም ካሉት ርዕስ ጀምሩ።