በአሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ላይ የናፍጣ ሞተር እንዴት ይገጠማል?

የቤንዚን ሞተር አውርዶ ናፍጣ ሊሰቅል የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ሞተር ጉልበት አለው?" ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን "ለዚህ መኪና የተሠራ የናፍጣ ሞተር አለ ወይ?" የሚለው ነው። ብዙ ፒክአፖች በአንድ ዓይነት ሻንሲ በቤንዚንም በናፍጣም ተሸጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራውን ቶዮታ ሂሉክስ ብንወስድ፣ 2.4 ሊትር የሆነው 22አር የቤንዚን ሞተር የተገጠመበት መኪና በ2.4 ሊትሩ 2ኤል፣ ኋላም በ2.8 ሊትሩ 3ኤል ናፍጣ ወጥቷል። እንዲህ ያለ ዕድል ካለ የሞተር መቀመጫው፣ ራዲያተሩና ካምቢዮው ሁሉ በአምራቹ ተለክቶ የተዘጋጀ ነው፤ የብየዳውን ሥራ በእጅጉ ይቀንሳል።

በተቃራኒው ብዙዎች የሚመኙትን ካሚንስ 4ቢቲ እንመልከት። 3.9 ሊትር ነው፣ ብቻውን 340 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ወደ 360 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ ቶርክ አለው። ድንቅ ሞተር ነው። ነገር ግን በትንሽ ፒክአፕ ላይ ሲሰቀል የፊት ሞላው፣ ፍሬኑ፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ሁሉ አብረው መቀየር ይኖርባቸዋል። ለትልቅ ፒክአፕ ይሆናል፤ ለትንሹ አልመክረውም።

የነዳጅ ፓምፑ ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል የሆነ የድሮ ሞተር መምረጥም ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል። ኮመን ሬል የሚባለው አዲሱ ዓይነት ኮምፒውተሩን፣ ሴንሰሮቹንና አንዳንዴም የቁልፍ መለያውን ሳይቀር ከመጣበት መኪና ይዞ ካልመጣ አይሠራም።

ከመግዛትዎ በፊት

ሞተሩን ብቻ ነጥለው አይግዙ። ካምቢዮው፣ ቮላኖው (በክራንኩ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ ክብ ብረት)፣ ፍሪሲዮኑ፣ ሞተሪኖው፣ ዲናሞው፣ የሞተር ጎማዎቹ (ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚይዙት ላስቲኮች)፣ የማሞቂያ ካንዴላው ሪሌ፣ የጋዝ ገመዱና የኤሌክትሪክ መስመሩ አብረው ይምጡ። ከሁሉ የሚሻለው መኪናው ላይ እንዳለ ሲነሳ ማየት ነው። ሲደርሱ ብሎኩን በእጅዎ ይንኩ፤ ቀድሞ ከሞቀ ሻጩ የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል። ቀዝቃዛ ሞተር ተነስቶ ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እያቃጠለ ነው። ነጭ ጭሱ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ወይ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) አንሷል ወይ ውሃ እየገባ ነው። ኮምፕሬሽኑንም ያስለኩ፦ የቤንዚን ሞተር ከ10 እስከ 12 ባር አካባቢ ሲሆን፣ የዚህ ዓይነት ናፍጣ በጥሩ ጤንነት ላይ ካለ 30 ባር አካባቢ ይሰጣል። ወደ 20 የወረደ ሞተር እድሳት ይፈልጋል። በሲሊንደሮቹ መካከል ከ5 ባር የሚበልጥ ልዩነት ካለም ይተዉት።

ሞተሩ መሬት ላይ እያለ የታይሚንግ ቺንጋውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የኋላውን የክራንክ ዘይት ማኅተምና የፍሪሲዮን ዲስኩን ይቀይሩ። ኋላ መኪናው ላይ ሆኖ ይህን መሥራት እጥፍ ድካም ነው።

ማውረድና መለካት

ባትሪውን ይፍቱ፣ ውሃውንና ዘይቱን ያውርዱ፣ የቤንዚን መስመሩን በጥንቃቄ ያላቅቁና ይድፈኑ፤ የቤንዚን ትነት ባለበት ቤት ውስጥ ብየዳም መፍጫም አይነሳ። እያንዳንዱን ሽቦና ቱቦ ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሱ፣ ስም ይለጥፉበት።

አሮጌው ሞተር ሳይነሳ የሚወሰዱ ልኮች አሉ፦ የካምቢዮው መጨረሻ ከሻንሲው ላይ ከአንድ ቋሚ ነጥብ ያለው ርቀት፣ የሞተሩ መሃል ከግራና ከቀኝ ሻንሲ ያለው ርቀት፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ያዘነበለበት አንግል። አዲሱን ሞተር ሲያስገቡ የሚመሩት እነዚህ ናቸው።

አዲሱን ሞተር ከነካምቢዮው ገጥመው፣ በክሬን አንጠልጥለው ያስገቡ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የዘይት ኮፓው ከፊት አክሱሉ ጋር ይጋጫል? ሞላው ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅስ? የመሪው ዘንግ ማኒፎልዱን ይነካል? ቬንትሌተሩ ከራዲያተሩ ቢያንስ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ናፍጣ ሲነሳና ሲጠፋ በሞተር ጎማዎቹ ላይ በኃይል ይወዛወዛል። የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ መግቢያ አንግሎች ትይዩ ይሁኑ፤ ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ካለፈ ትራስሚሲዮኑ (ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሻሉ የሚሄደው ዘንግ) ይንቀጠቀጣል፣ ክሮቼራዎቹም (የዘንጉ መገጣጠሚያዎች) ቶሎ ያልቃሉ።

መቀመጫዎቹ አዲስ የሚሠሩ ከሆነ መጀመሪያ በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዙ። እንደገና ይለኩ፣ ኮፈኑን ዘግተው ይመልከቱ፣ ከዚያ ሞተሩን አውጥተው ሙሉ ብየዳውን ይጨርሱ። የድሮውን ካምቢዮ ከአዲሱ ሞተር ጋር በአዳፕተር የሚያያይዙ ከሆነ የካምቢዮው መሃል ከክራንኩ መሃል ጋር መግጠሙን በዲያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነት በሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) ያረጋግጡ። ጌጁ አንድ ዙር ሲዞር ከ0.13 ሚሊ ሜትር በላይ ካሳየ የካምቢዮው የፊት ኩሺኔታ አይቆይም።

ፍሬኑን አይርሱ

ይህ ክፍል ሕይወት የሚነካ ነው። በቤንዚን ሞተር የፍሬን ማጠናከሪያው የሚሠራው ከኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚገባበት ቱቦ) በሚያገኘው የአየር መሳብ ነው። አብዛኛው ናፍጣ የአየር መዝጊያ ስለሌለው ያን ያህል መሳብ የለውም። ቱቦውን እንዳለ ማኒፎልዱ ላይ ከሰኩት ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ስለዚህ ቫኩም ፓምፕ ግድ ነው። በብዙ የጃፓን ናፍጣዎች ላይ ፓምፑ ከዲናሞው ጀርባ ተያይዞ ይመጣልና "ዲናሞው አንድ ነው" ብለው በቤንዚኑ እንዳይተኩት።

ነዳጅና ኤሌክትሪክ

የናፍጣ ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፤ ቤንዚን ከገባበት ይበላዋል። ታንኩን አውርደው አጥበው ያድርቁ፣ በውስጡ ያለውን የቤንዚን ፓምፕ ያውጡ፣ መስመሮቹንም ያጽዱ። ናፍጣ ወደ ታንክ የሚመለስበት ሁለተኛ መስመር ይፈልጋል። ውሃ የሚለይ ፊልትሮና በእጅ የሚጫን ትንሽ ፓምፕ በቀላሉ በሚደረስበት ቦታ ይስቀሉ።

የኤሌክትሪኩ ሥራ ከሚፈሩት ይቀላል። ካንዴላና ኮይል ቀሩ፤ በምትካቸው የማሞቂያ ካንዴላ ሪሌና ፓምፑ ላይ ነዳጅ የሚዘጋው ሶሌኖይድ መጡ። ሶሌኖይዱ ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ያገኛል፣ ሲዘጋ ሞተሩን ያጠፋል። ሞተሪኖው ከቤንዚኑ የበለጠ ስለሚስብ ትልቅ ባትሪ፣ ወፍራም ገመድ፣ ከብሎክ ወደ ሻንሲም ጠንካራ መሬት ያስፈልጋል። አንዳንድ ናፍጣዎች 24 ቮልት ናቸውና የማሞቂያ ካንዴላውንና የሞተሪኖውን ጽሑፍ ቀድመው ያንብቡ። የዙር መለኪያው ከኮይል ያገኘው የነበረውን ምልክት አሁን ከዲናሞው ደብሊው ተርሚናል ያገኛል፤ ይህን የሚያነብ መለኪያ ግን መሆን አለበት።

የጥርስ ስሌት

እንደ ካሚንስ 4ቢቲ ያለ ዝግ ብሎ የሚዞር ሞተር ላይ ይህ ሂሳብ ሳይሠራ የቀረ መኪና በአስፋልት ላይ ያለቅሳል። ጎማው በአንድ ዙር 2.2 ሜትር ይሄዳል እንበል፣ ዲፈረንሻሉ 4.10 ነው (ትራስሚሲዮኑ 4.10 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል)፣ የመጨረሻው ማርሽ አንድ ለአንድ ነው። በ2500 ዙር ፍጥነቱ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ ይሆናል። ዲፈረንሻሉ 3.55 ቢሆን 93 ይደርሳል፤ የመጨረሻው ማርሽ 0.85 የሆነ ካምቢዮ ቢጨመርበት ደግሞ ወደ 109። ናፍጣው ከታች ጀምሮ የሚስብ ስለሆነ ረዘም ያለውን ጥርስ ያለ ችግር ይሸከማል። እስከ 4000 ዙር ገደማ የሚሄዱት እንደ 3ኤል ያሉት ግን በነበረው ዲፈረንሻል ሊኖሩ ይችላሉ።

መጀመሪያ ሲነሳ

ነዳጅ የሚዘጋውን ሶሌኖይድ ሽቦ ይንቀሉና የዘይት ግፊት እስኪታይ በሞተሪኖ ብቻ፣ በየመሃሉ እያሳረፉ ያዙሩት። ከዚያ ሽቦውን መልሰው፣ አየሩን ከፊልትሮውና ከፓምፑ በእጅ ፓምፑ ያስወጡ፤ ካልተነሳም የኢንጀክተሮቹን ቱቦ ዳዶዎች ትንሽ ላላ አድርገው ናፍጣ እስኪወጣ በሞተሪኖ ያዙሩ። ከቱቦው የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ ሊበሳ ስለሚችል እጅዎን አያስጠጉ።

አንድ ሰው የአየር መግቢያው ዘንድ ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ቆርቆሮ ይዞ ይቁም። ናፍጣ ዘይት ስቦ በራሱ መጮህ ከጀመረ ቁልፍ አያቆመውም፤ የሚያቆመው አየር መከልከል ነው። መግቢያው በእጅ መዳፍ አይከደን።

ከተነሳ በኋላ ሙቀቱን፣ የዘይት ግፊቱንና ፍሳሹን እያዩ 20 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ፍሬኑን ግቢ ውስጥ ደጋግመው ይፈትኑ፣ ከዚያ ሳይጭኑ አጭር መንገድ ይውጡ። የሞተር ቁጥሩና የነዳጅ ዓይነቱ በመኪናው ሰነድ ላይ መለወጥ ስላለበት ኢንሹራንሱም ምርመራውም በዚያ ጊዜ ይስተካከል። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ የሞተር መቀመጫ፣ የካምቢዮና የትራስሚሲዮን ብሎኖችን ሁሉ እንደገና ያጥብቁ፤ የናፍጣው ንቅናቄ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያላላቸዋል።