ድመታችሁ ስኳሯ ሲወርድባት

ኢንሱሊን የምትወጋ ድመት ድንገት ብትንገዳገድ፣ ብትንቀጠቀጥ ወይም ስትጠሯት ዝም ብላ ብታፈጥ፣ "የባሕር ዳር ሙቀት ነው" ብላችሁ አትለፉት። መጀመሪያ ስኳሯን ጠርጥሩ።

መለኪያ ካላችሁ ከጆሮዋ ጠርዝ ጠብታ ደም ወስዳችሁ ለኩ። ከ60 ሚ.ግ./ዴ.ሊ. (mg/dL) በታች ከሆነ ወርዷል። መለኪያ ከሌለ ምልክቱ ይበቃል፣ ጊዜ አታባክኑ።

ነቃ ያለች ከሆነች የለመደችውን ምግብ ወዲያው ስጧት። ከደከመች ግን ማር ነው የሚያስፈልጋት። ሰፈፍ የሌለው የጎጃም ማር በጣታችሁ ጫፍ ነክታችሁ፣ ከንፈሯን ከጎን ገለጥ አድርጋችሁ ድዷን ቀቡት። ማር ከሌለ ስኳር በትንሽ ውሃ በጥብጡ። አፏ ውስጥ አታፍስሱባት፣ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። እያንፈራገጣት ከሆነ ደግሞ ጣታችሁን ጥርሷ መሃል እንዳታስገቡ። የጣና ዓሣ ብትወድም ለዚህ ሰዓት አይሆንም፤ ዓሣ ስኳርን ቶሎ አያነሳም።

ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ስትነቃ አብሏት። ተሻላት ብላችሁ ግን ጥላችኋት እንዳትወጡ፣ የማሩ ጉልበት ቶሎ ያልቃል፣ ኢንሱሊኑ ግን ለሰዓታት መሥራቱን ይቀጥላል፣ ስለዚህ ተመልሶ ሊወርድባት ይችላል። ራሷን ከሳተች ባጃጅ ጠርታችሁ፣ መንገድ ላይም ድዷን እየቀባችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ቀጣዩን መርፌ ሐኪሙን ሳታማክሩ አትውጉ።

ሲሪንጁንም እዩት። ባለ 100 ኢንሱሊን (በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለው) በባለ 40 ሲሪንጅ (በሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ላለው በተሠራ) ከቀዳችሁ መጠኑ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል።