የሰውን ድንበር ከአንድ እግር ቡና ሥር መመርመር

ድኅረ-ሰብዓዊነት የሚባለውን ሐሳብ ጅማ ላይ ለጀማሪዎች ለማወያየት የሚያስፈልገው ከ8 እስከ 10 ሰው፣ ሦስት ሰዓት፣ ደብተርና ባለቤቱ የፈቀደው የቡና ማሳ ነው። ከ12 ሰው ካለፈ ሁለት ሦስቱ ብቻ ያወሩና ሌላው አድማጭ ሆኖ ይቀራል። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚያስቸግር ጠዋት 3 ሰዓት ጀምሩ። የሚመረጠው ግን ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ፍሬው ቀልቶ፣ ለቃሚውም ማሳው ውስጥ ይገኛል።

መጀመሪያ የሚያሰናክለው ስሙ ነው። «ድኅረ» ሲባል ብዙዎች የሰው ልጅ ከጠፋ በኋላ የሚመጣ ዘመን ይመስላቸዋል። ሐሳቡ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ሰውን ከፍጥረት ሁሉ ነጥሎ ከላይ ያስቀመጠውን ድንበር ማን አሰመረው? ማንን ጠቀመ? ማንንስ ውጭ አስቀረ? ሰውን በመድኃኒትና በማሽን አጎልብቶ እርጅናን እናሸንፍ የሚለው ትራንስሂዩማኒዝም የድሮውን ሰው ያገዝፈዋል እንጂ አይጠይቀውም። ይህን ልዩነት በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ካልተናገራችሁ ጨዋታው ሮቦት ላይ ተተክሎ ይቀራል።

ከዚያ «ሰው» የሚለውን ቃል አውጡ። «ሰው ማለት ሰው የሚሆን ነው ሰው የጠፋ ዕለት» እንላለን፤ «ሰው ሁን» ብለን ሰውን እንመክራለን። በአፋን ኦሮሞም ነማ (ሰው) እና ነሙማ (ሰውነት፣ ሰው መሆን) አሉ። ሁለቱንም ቋንቋ ጎን ለጎን ጻፉ። ቃሉ ፍጡሩን ብቻ ሳይሆን ማዕረጉንም እንደሚጠራ ተሳታፊው ራሱ ያገኘዋል። ማዕረግ ከሆነ ደግሞ የተነፈገ አለ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚሁ ጅማ በሂርማታ የሐሙስ ገበያ ሰው እንደ ዕቃ ተሽጧል፤ ባርነትን የሚሽረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አይለያችሁ፦ ስለ ገበያውና ስለ ሕጉ ተነጋገሩ እንጂ የማንንም ዘር አትጠይቁ፣ አትገምቱ። ለዚህ ክፍል አርባ ደቂቃ ስጡ፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነውና አታቻኩሉት።

ቀጥሎ ስልክ ይዘጋና እያንዳንዱ በቃሉ የሚያውቃቸውን አምስት ስልክ ቁጥሮች ይጽፋል። አብዛኛው ሁለት ላይ ይቆማል። የቀረው ትዝታ የት ነው ያለው? አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ማሳው ውጡ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንድ እግር ቡና ምረጡና ለዚህ ዛፍ መኖር እጁ ያለበትን ሁሉ ጻፉ፤ ከ15 ያነሰ ዝርዝር ገና ነው። የቀላውን ፍሬ በጣት ጫን ስትሉት ሁለቱ ዘሮች በሚያሟልጭ ጣፋጭ ልጋግ ተለውሰው ይወጣሉ። ያ ጣፋጭ ለእኛ አልተሠራም፤ ፍሬውን በልቶ ዘሩን ራቅ አድርጎ ለሚጥል እንስሳ ነው። ከእነዚህ አንዱ ጥርኝ ነው። ጥርኝ በዚህ አገር ለዝባዱ ሲባል በጠባብ የእንጨት ጎጆ ተይዞ ኖሯል፤ ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፦ ዘር ዘሪም፣ እስረኛም ሆኖ።

ጥላ የሚሰጠውን ዋንዛና ብሳና፣ ንቧን፣ ተባዩን አትዝለሉ። ዛፉ 741 የተባለው ዝርያ ከሆነ ሌላ ታሪክ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ1971 ፍሬ የሚያጠቁረው የቡና በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ፤ ተመራማሪዎችም በ1974 ከጅማ አካባቢው ጌራ በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ መረጡ፤ 741 የመጣው ከእሱ ነው። ፈንገሱ ባይመጣ ያ ዛፍ ባልተመረጠ ነበር። ካፌይኑም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት በአበባው ማር ውስጥ ያለ ካፌይን የንብን ትውስታ እንደሚያጠነክር አሳይቷል፤ በእኛ አንጎል ደግሞ የድካምን መልእክት የሚቀበለውን በር ይዘጋል። ጠዋት ቡና ጠጥቶ የነቃው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ አትስጡ።

በጣም የሚያሳስበኝ ስህተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም እጁ አለበት ከተባለ በኋላ ሁሉም እኩል ነው ወደ ማለት ይዞራል፤ ያኔ በኪሎ የሚከፈላት ለቃሚ ከፈንገሱ ተራ ተሰልፋ ትጠፋለች። መድኃኒቱ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ሁለት ነገር መጻፍ ነው፦ ምን ይሰጣል፣ ምን ያገኛል ወይም ያጣል። ስለ ዝንጀሮም ቢሆን ከማድነቃችሁ በፊት ማሳውን የሚጠብቀውን ገበሬ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

«ሰው በአምላክ አምሳል ተፈጥሯል» ወይም «ሰው በምድር ላይ ኸሊፋ (የአላህ ወኪል) ነው» የሚል ከተነሳ አትከራከሩ። ይህ አደራ ለጥርኙና ለለቃሚዋ ምን ያስገድደናል ብላችሁ ወደ ዝርዝሩ መልሱት።

ንባቡ ከጉዞው በኋላ ይሁን፤ ከፊት ከመጣ ሰው ያየውን ትቶ የተጻፈውን ይደግማል። ስልኩ ላይ ክርክር ከበዛ አሜሪካዊቷ ምሁር ዶና ሃራዌይ እ.ኤ.አ. በ1985 ስለ ሳይቦርግ (ግማሹ ሕያው፣ ግማሹ ማሽን ስለሆነ ፍጡር) የጻፈችውን፣ ጥርኙ ላይ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ አብሮ አደር እንስሳት ያወጣችውን ምረጡ። ሁለት ገጽ በቂ ነው። አንቀጹ ጮክ ተብሎ ይነበብና አንድ ሰው በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ በራሱ አባባል መልሶ ይናገረዋል። ማንም መልሶ ሊናገረው ያልቻለው ዓረፍተ ነገር ይሰመርበትና ለሌላ ቀን ይቆይ።

ዝርዝሮቹን አትጣሉ። ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ቡናው ሲያብብ ይዛችኋቸው ወደዚያው ዛፍ ተመለሱ፤ ያኔ ንቧ አበባው ላይ ትሆናለች፣ ለቃሚዋ ግን አትኖርም። ወዴት ሄዳ ምን እየሠራች እንደሆነ ጠይቁና በስሟ አጠገብ ጻፉት።