የአንቴና ኬብል ከመግዛታችሁ በፊት ሆዱን እዩት

ሰው ለአንቴናው ይጨነቃል፣ ለሬዲዮው ይጨነቃል። ኬብሉ ጋ ሲደርስ «ያው ሽቦ አይደል?» ብሎ ያገኘውን ያነሳል። ከዚያ ሲግናሉ ደከመ ብሎ ማጉያ ፍለጋ ይሄዳል። እኔ አንቴና ስተክልና ስጠግን ነው የምውለው። «አንቴናው ተበላሸ» ተብዬ ስጠራ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን የማገኘው ኬብሉ ወይም የኬብሉ ጫፍ ላይ ነው።

መጀመሪያ ላዩ ላይ የታተመውን አንብቡ። 75 ኦም ወይም 50 ኦም የሚል ካገኛችሁ ግማሹ ሥራ አለቀ፤ ይህ ኦም ኢምፒዳንስ ይባላል፣ ኬብሉ ለሚያልፈው ሲግናል የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። ለቲቪና ለዲሽ 75 ነው፤ አርጂ-6 እና አርጂ-59 የሚባሉት እዚህ ይመደባሉ። ለሚያስተላልፍ ሬዲዮ 50 ነው፤ አርጂ-58፣ አርጂ-213፣ ኤልኤምአር-400። ይህን ኦም በመልቲሜትር ልለካው ብትሉ አታገኙትም። የሚወስነው የመሃሉ ሽቦ ውፍረት፣ የዙሪያው ሽፋን ስፋትና በመካከላቸው ያለው ፕላስቲክ ነው። ኬብል በር ሥር አትጨፍልቁ፣ በሚስማር አታጥብቁ የምለውም ለዚህ ነው። የተጨፈለቀበት ቦታ ላይ ኦሙ ይለወጣል፤ የሲግናሉም ከፊሉ ከዚያ ይመለሳል።

ሁለቱ ቁጥሮች ዝም ብለው አልተመረጡም። በውስጡ አየር ብቻ ባለ ኬብል ብክነቱ የሚያንሰው 77 ኦም አካባቢ ነው። ብዙ ኃይል የሚሸከመው ደግሞ 30 አካባቢ። 50 የሁለቱ ድርድር ነው። ተቀባይ ብቻ የሆነ መሣሪያ ኃይል መሸከም ምኑም አይደለምና 75ን ይወስዳል። ብታቀላቅሏቸውስ? 50 ኦም መሣሪያ ላይ 75 ኦም ኬብል ሲገናኝ መጋጠሚያው ላይ የሚመለሰው የኃይሉ 4 በመቶ ነው። ለመቀበያ ከሆነ እኔ እንቅልፍም አላጣበት። ለማስተላለፊያ ግን ትክክለኛውን ግዙ፣ ምን አስቸኮላችሁ።

ዋናው ጣጣ ብክነቱ ነው። ኬብል ሁሉ መንገድ ላይ ይበላል። የሚበላው በዴሲቤል ይለካል፤ 3 ዴሲቤል ከጠፋ ኃይሉ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፣ 10 ከጠፋ ከአሥር እጅ አንዱ ቀረ። ፍሪኩዌንሲው በጨመረ ቁጥር ሆዱ ይሰፋል። 50 ዋት የሚያወጣ ሬዲዮ አላችሁ እንበል፤ ኬብሉ 30 ሜትር። ቀጭኑን አርጂ-58 ከዘረጋችሁ በ145 ሜጋኸርዝ 6 ዴሲቤል ያህል ይጠፋል፤ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 12 ዋት ገደማ ነው። ያው ኬብል በ440 ሜጋኸርዝ ከ10 ዴሲቤል በላይ ይበላና 5 ዋት እንኳ አይሞላም። ወፍራሙ ኤልኤምአር-400 በዚያው በ440 የሚበላው 2.7 ገደማ ስለሆነ 27 ዋት ያህል ይደርሳል። ርቀቱ 2 ሜትር ከሆነ ግን ቀጭኑ ይበቃል፤ ለማይታጠፍ ወፍራም ኬብል አትድከሙ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በረጅምና በሚበላ ኬብል ላይ የኤስደብሊውአር መለኪያ (ከአንቴናው ምን ያህል ኃይል እንደሚመለስ የሚያሳየውን) ሬዲዮው ጋ ስታደርጉ ሁሌ ቆንጆ ቁጥር ያሳያችኋል። ከአንቴናው የሚመለሰው ኃይል መንገድ ላይ ስለሚያልቅ ነው። አትታለሉ፤ አንቴናው ሥር ሄዳችሁ ለኩ። ለመቀበያ ማጉያ የምታስገቡም ከሆነ አንቴናው ጋ ይሁን። ኬብሉ ከበላው በኋላ ማጉላት ጫጫታውንም አብሮ ማጉላት ነው።

አሁን ቢላዋ አውጡ። ሻጩ ጫፉን እንድትቆርጡ ካልፈቀደ እኔ አልገዛም። የላዩን ላስቲክ ግፈፉት። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ቀጭን ሽቦ ይታያችኋል፤ ሥሩ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ፎይል አለ። ሹሩባው ሳስቶ ፎይሉ በሰፊው ከታያችሁ ርካሽ ነው፤ ከውጭ የሚገባ ረብሻ አይቋቋምም። ከዚያ ነጩን ፕላስቲክ አውጥታችሁ የመሃሉን ሽቦ በቢላዋ ፋቁት። መዳቡ ሥር ነጭ ብረት ብቅ ካለና ማግኔት ከሳበው፣ መዳብ የተቀባ ብረት ነው።

ይህ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም። ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሄደው በሽቦው ቆዳ ላይ ነው፤ በ100 ሜጋኸርዝ አብዛኛው ፍሰት ከ0.02 ሚሊሜትር በማይበልጥ ንጣፍ ውስጥ ያልቃል። ለሲግናሉ ብረቱ መሃል መኖሩ አያሳስብም። የሚያሳስበው በዚያው ሽቦ መብራት ስትልኩ ነው። ሪሲቨሩ ለዲሹ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ለምትቀመጠው ሲግናል ተቀባይ) 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፤ የቻናሎቹን ሞገድ አቅጣጫ፣ ቋሚ ወይም አግድም፣ የሚመርጠው በዚህ ነው። በረጅም የብረት ሽቦ ላይ ቮልቱ ሲወድቅ 18ን የሚጠብቁት ቻናሎች ብቻ ተለይተው ሊጠፉ ይችላሉ። ሰው ዲሹን ሲያዞር ይውላል። ረጅም ዝርጋታ ከሆነ ድፍን መዳብ ውሰዱ።

ኮኔክተር ላይ ብዙ አልልም። ለዲሽ ኤፍ፣ ለመለኪያ መሣሪያ ቢኤንሲ፣ ለውጭ አንቴና ኤን ይሻላል፤ ውሃ ይከላከላል። ፒኤል-259 ለዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲ ጥሩ ነው፣ ከ300 ሜጋኸርዝ በላይ እኔ አልነካውም። ኤፍ ስታስሩ ከሹሩባው አንዲት ክር እንኳ የመሃሉን ሽቦ እንዳትነካ፤ ያቺ ክር ብቻ ሁሉን ታጠፋለች።

ውጭ የሚዘረጋው ላዩ ጥቁር ፖሊኢትሊን ይሁን፣ ፀሐይ ቶሎ አይሰነጥቀውም። መጋጠሚያውን ራሱን በራሱ በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ጠቅልሉት። ኬብሉ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይመለስ፣ የዝናቡ ውሃ ከዚያ ይንጠብ። ያረጀ ኬብል ስትከፍቱ ሹሩባው ማንጸባረቁን ትቶ ከጠቆረ ወይም አረንጓዴ ካወጣ ውሃ ገብቶበታል። ጫፉን ቆርጦ መቀጠል አያድነውም፤ ውሃው በሹሩባው ወደ ውስጥ ተጉዟል። ቀይሩት።

ከመስቀላችሁ በፊት ሁለቱንም ጫፍ ከመሣሪያ ነቅላችሁ በመልቲሜትር ሞክሩ። በመሃሉ ሽቦና በሹሩባው መካከል ምንም መነካካት መኖር የለበትም። ከዚያ አንዱን ጫፍ በሽቦ አገናኙና በሌላኛው ለኩ፤ ጥቂት ኦም ብቻ ካሳየ መንገዱ ክፍት ነው። ይህን መሬት ላይ ሆናችሁ አድርጉት፣ ጣሪያ ላይ ከወጣችሁ በኋላ ያናድዳል።