ልጆች የአጭር ምንባብን ዋና ሐሳብ እንዲለዩ እንዴት ማገዝ ይቻላል

የሦስተኛ ወይም የአራተኛ ክፍል ተማሪ አንድ አንቀጽ አንብቦ «ዋና ሐሳቡ ምንድን ነው?» ሲባል መልሱ ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር እንዳለ ይገለብጣል፤ ወይ ከሁሉ የገረመውን ነገር ይናገራል፤ ወይ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ ብሎ ይገላገላል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ጥያቄው ሰፍቶበት ነው። ለሁለት ብትከፍሉለት ይቀለዋል፦ «የሚያወራው ስለ ምንድን ነው?» እና «ስለሱ ምን ይላል?»

ይህን ምንባብ እንውሰድ፦

«በሰሜን ተራሮች ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሲሄድ ይታያል። ዋና ምግቡ ሣር ነው፤ ጣቶቹም ሣሩን ቶሎ ቶሎ ለመንቀል ይመቹታል። ሲመሽ አውሬ በቀላሉ በማይደርስበት ገደል ላይ ያድራል። ስለዚህ ዛፍ በሌለበት ደጋ መኖር አይቸግረውም።»

መጀመሪያ ንባቡ ራሱ ልጁን እንዳላደከመው እዩ። ፊደል እየለቀመ የሚያነብ ልጅ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መነሻውን ረስቶታል። እንዲህ ከሆነ አንድ ጊዜ እናንተ አንብቡለት፤ ከዚያ እሱ ይድገመው። ዋና ሐሳብ መለየት በማዳመጥም ይለመዳል።

ቀጥሎ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቁት። ብዙ ልጆች ደጋግሞ የተጠራውን ስም ፈልጉ ይባላሉ፤ ይህ ምክር በአማርኛ ሁልጊዜ አይሠራም። ስሙ አንዴ ይጠራና ከዚያ በኋላ ግሱ ውስጥ ይገባል። «ገደል ላይ ያድራል» የሚለው ውስጥ «ጭላዳ» የሚል ቃል የለም። ስለዚህ በየዐረፍተ ነገሩ «ማን? የማን?» እያለ ይሂድ፦ ማን ያድራል? የማን ጣቶች? ማንን አይቸግረውም? መልሱ ሁሉ አንድ ቦታ ከተገናኘ ርዕሰ ጉዳዩ እሱ ነው፤ ጭላዳ።

ትልልቆቹም የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ «ጭላዳ» ሲል «ጎበዝ» ብለው ያልፉታል። ጭላዳ ርዕሰ ጉዳይ እንጂ ዋና ሐሳብ አይደለም። ዋና ሐሳብ በግስ ያልቃል፤ መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ ይቀበላል። ልጁ «ስለ ጭላዳ» ካለ «ጭላዳ ምን?» በሉትና ዐረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ጠብቁ።

ልጁ ምናልባት «ጭላዳ ገደል ላይ ያድራል» ይላል። አስገራሚው እሱ ነዋ! «ተሳስተሃል» አትበሉት፤ ይፈትነው። ሣር መብላቱ ገደል ላይ ለማደሩ ምክንያት ይሆናል? አይሆንም። አሁን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ይሞክር፦ «ዛፍ በሌለበት ደጋ መኖር አይቸግረውም።» ለምን? ሣር ስለሚበላ። ሌላስ? ገደል ላይ ስለሚያድር። ሌሎቹ ዐረፍተ ነገሮች «ለምን?» ወይም «እንዴት?» ለሚለው መልስ ከሆኑለት ኃይለ ቃሉ፣ ማለትም የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘው ዐረፍተ ነገር፣ ተገኘ። እዚህ ኃይለ ቃሉ መጨረሻ ላይ ነው፤ በሌላ አንቀጽ መጀመሪያ ወይም መሃል ሊሆን ይችላል። «ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው» ብሎ ማስተማር ለጊዜው ያቀላል፤ በኋላ ግን ያስቸግራል።

ከበድ የሚለው ኃይለ ቃሉ ጭራሽ ያልተጻፈበት አንቀጽ ነው፦

«ከእንሰት ቆጮና ቡላ ይዘጋጃል። በቅጠሉ ዳቦ ይጋገርበታል፤ ከብትም ይመገበዋል። ቃጫው ገመድ ይሆናል።»

እዚህ ልጁ ዐረፍተ ነገሩን ራሱ መፍጠር አለበት። በየዐረፍተ ነገሩ ጎን አንድ አንድ ቃል ይጻፍ፦ ምግብ፣ መጋገሪያ፣ መኖ፣ ገመድ። ከዚያ «እነዚህ አንድ ላይ ምን ይሉናል?» በሉት። «እንሰት ለብዙ ነገር ያገለግላል» ካለ በቂ ነው። «ከእንሰት ምንም አይጣልም» ካለ ግን ምንባቡ ይህን ያለበትን ቦታ በጣቱ ያሳያችሁ። አያገኘውም፤ አንባቢ ካልተባለው በላይ መጨመር እንደሌለበት የሚማረው በዚህ ነው።

ይኸው ምንባብ በምርጫ ጥያቄ ቢመጣ የተሳሳቱት ምርጫዎች የታወቁ ናቸው። «ከእንሰት ቆጮ ይዘጋጃል» ይጠባል፤ አንዱን ዝርዝር ብቻ ይዟል። «ዕፅዋት ለሰው ይጠቅማሉ» ይሰፋል። «እንሰት በደቡብ ኢትዮጵያ በብዛት ይበቅላል» እውነት ነው፤ ምንባቡ ውስጥ ግን የለም። ጎበዝ ተማሪዎችን የሚጥለው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ከሚያውቁት ይመልሳሉና።

ተረት ሲሆን «ምን ይላል?» የሚለውን በ«ማን ምን ፈለገ? መጨረሻው ምን ሆነ?» ቀይሩት። የተረቱን ምክር እንደ ዋና ሐሳብ አትቀበሉ፤ ምክሩ ከታሪኩ የሚወሰድ ትምህርት ነው፤ ዋና ሐሳቡ ግን ታሪኩ ራሱ በአጭሩ ነው።

ውጭ አገር የሚያድጉ ልጆች ምንባቡን በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ ቢያነቡትም ወላጅ ሁለቱን ጥያቄዎች በአማርኛ ሊጠይቅ ይችላል። እንዲያውም ልጁ በሌላ ቋንቋ ሲመልስ ዐረፍተ ነገሩን መገልበጥ ስለማይችል መረዳቱ ወዲያው ይታያል።

ለልምምድ ከአራት እስከ ስድስት ዐረፍተ ነገር ያለው ምንባብ ይበቃል፤ የመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ሞልቷል። ርዕሱን በወረቀት ሸፍኑት። ልጁ ዋና ሐሳቡን ከተናገረ በኋላ ለምንባቡ የራሱን ርዕስ ያውጣለት፤ ከዚያ ወረቀቱን አንስታችሁ ሁለቱን አወዳድሩ። የእሱ ርዕስ ከመጽሐፉ የተሻለ ሆኖ ከተገኘ ንገሩት።