ካሜራው ሳይበላሽ ማሽኑ ሲያብድ፦ ከኮምቦልቻ የጥገና ማስታወሻ

ይህን የምጽፈው በማሸጊያ መስመር ላይ ለሚሠሩ ጠጋኞችና የፈረቃ ኃላፊዎች ነው። ካሜራው ክዳን፣ የቀን ማህተም፣ የካርቶን ምልክት ወይም ኪውአር ኮድ አይቶ ፒስተን የሚያስገፋበት፣ ኮንቬየር የሚያስቆምበት ወይም መለያ የሚያስለጥፍበት መስመር ላላችሁ ማለቴ ነው። መብራት መኖሩን፣ ኬብሉ መሰካቱን፣ ሌንሱ መጠረጉን እንድታዩ አልነግራችሁም። ያንን እንኳ ሳያዩ የሚደውሉ ግን ዛሬም አሉ። ከደሴ ተነሥቼ ሐረጎን በዝናብ ወርጄ፣ ኮምቦልቻ ስደርስ የተነቀለ ሶኬት ሰክቼ የተመለስኩበትን ቀን አልረሳሁትም።

«ካሜራው ከሰዓት በኋላ ይደክመዋል»

ምልክቱ ይህ ነው፦ ጠዋት መስመሩ ያለ እንከን ይሠራል። ከምሳ በኋላ ደህናውን ጠርሙስ እየገፋ መጣል ይጀምራል፤ ጥቂት ቆይቶ ማንም ሳይነካው ራሱ ይድናል። በማግሥቱም በዚያው ሰዓት ይደገማል። ከምጠራባቸው ብልሽቶች አብዛኛው ይኸው ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

አንድ የውኃ ማሸጊያ ፋብሪካ ጠርቶኝ ስሄድ የማሽኑ ተቆጣጣሪ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ካሜራ ከሰዓት በኋላ ይደክመዋል» አለኝ። ሥራው ቀላል ነበር፦ ጠርሙሱ ሲያልፍ ነጩ ክዳን መኖሩንና አለመንጋደዱን ያያል፤ ጉድለት ካየ ፒስተኑን ያዛል። የመቆጣጠሪያውን ሣጥን ስከፍት በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ በማርከር የተጻፉ ቁጥሮች አገኘሁ። 70፣ ተሰርዞ 60፣ ተሰርዞ 45። ሦስቱ ፈረቃዎች የየራሳቸውን የማለፊያ ነጥብ፣ ማለትም ካሜራው ክዳኑን «ደህና» ለማለት የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ውጤት፣ ጽፈው፣ አንዱ የሌላውን እየሰረዘ ይሠሩ ነበር። 45 ላይ በእርግጥም ማሽኑ ደህናውን መጣል አቁሟል። ክዳን የሌለውንም መጣል አቁሟል!

ነጥቡን ወደ 70 መለስኩና በርጩማ ስቤ ከመስመሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። 9 ሰዓት ከ20 ገደማ ከጣሪያው ላይ ብርሃን እንዲያስገባ ከተገጠመው የፕላስቲክ ቆርቆሮ የሰሌን ምንጣፍ የሚያህል ፀሐይ ወርዶ መሬቱን እየዳኸ መጣ፤ የኮንቬየሩን እግር ወጣ፤ ከካሜራው ሥር ደረሰ። ስክሪኑ ላይ ክዳኑ፣ አንገቱና ከኋላው ያለው ብረት አንድ ላይ ነጭ ሆኑ። ፒስተኑ ጠርሙስ ማውረድ ጀመረ። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቆየ፤ ፀሐዩ አለፈ፤ ማሽኑ ዳነ።

ካሜራው የሚለካው ከክዳኑ ላይ ነጥሮ የመጣለትን ብርሃን ነው። ብሩህነትን ከ0 እስከ 255 ይቆጥራል፤ 255 ከሞላ በኋላ ያለው ሁሉ ለእርሱ አንድ ነው። ፀሐይ ያረፈበት ክዳንና ፀሐይ ያረፈበት ብረት ሁለቱም 255 ከሆኑ የሚለይበት ጠርዝ የለም። ጠርዝ ከሌለ ክዳን የለም፤ ክዳን ከሌለ «ጣል» ነው። ማሽኑ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል።

«ሲተከል ግን እኮ ይሠራ ነበር» ትላላችሁ። መቼ ነው የተተከለው? ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ በአናታችን ታልፋለች፤ በመካከሉ ባሉት ወራት በስተሰሜናችን፣ በቀረው ዘመን በስተደቡባችን ትውላለች። የጣሪያው መስኮት ከኮንቬየሩ 8 ሜትር ከፍ ካለ፣ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ብርሃኑ ከመስኮቱ ሥር 5 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ሰሜን ርቆ ያርፋል፤ በሰኔ 2 ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ። ያቺ የፀሐይ ምንጣፍ በዓመት ውስጥ ሰባት ሜትር ገደማ ትጓዛለች ማለት ነው። በሐምሌ ደመና ሥር ተተክሎ፣ ተሞክሮ፣ ርክክብ የተፈረመበት ካሜራ በጥቅምት ቢያብድ ምን ይገርማል?

መፍትሔው የሚጀምረው በአንድ ፈተና ነው። የካሜራውን የራሱን መብራት አጥፉና ምስል አንሱ። ምስሉ ጥቁር መሆን አለበት። የእኔ ልክ በአማካይ ከ20 በታች ነው። ጠርሙሱ ከታየ፣ ያያችሁት የእናንተ ባልሆነ ብርሃን ነው፤ ያ ብርሃን ደግሞ የፀሐይ፣ የጣሪያ መብራት ወይም የበር ነው፤ አንዱም አይታዘዝላችሁም። ይህንን ፈተና ጠዋት፣ እኩለ ቀንና 9 ሰዓት ላይ ድገሙት። ፈተናው ሳይሠራ የማለፊያውን ነጥብ የሚነካ ሰው እጁን ይሰብስብ።

ቀጥሎ ሽፋን። ከስስ ላሜራ የተሠራ፣ ካሜራውን፣ መብራቱንና ጠርሙሱ የሚያልፍበትን ቦታ የሚጋርድ፣ ጠርሙስ መግቢያና መውጫ ብቻ ያለው ሣጥን ነው። ኮምቦልቻ ያለ ማንኛውም ብረታ ብረት ቤት ይሠራላችኋል። ውስጡን የማያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ቀቡት፤ የሚያብረቀርቅ ጥቁር የቀባ ሰው መስታወት ሠራ እንጂ ሽፋን አልሠራም። ካርቶን በፕላስተር አያይዞ «ለጊዜው» ማለትም አይሠራም፤ ለጊዜው የተባለው ሁሉ ዓመት ይከርማል፤ ሲረጥብ ደግሞ ሌንሱ ላይ ይወድቃል።

ከላይ ያልኩት የውኃ ፋብሪካ ሽፋኑን አሠርቶ ሁለት ወር በሰላም ሠራ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፤ «ያው በሽታ ተመልሷል።» ሄጄ ባይ ሽፋኑ የለም። ለጽዳት ተነሥቶ አልተመለሰም። ስፈልገው ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ የከሰል ምድጃ ነፋስ መከላከያ ሆኖ፣ ጀበና ተጥዶበት አገኘሁት። ቡናውን ጠጣሁ፤ ሽፋኑን ወስጄ በአራት ብሎን አሰርኩት፤ ብሎኖቹም ተራ ካቻቪቴ የማይፈታቸው ናቸው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ሦስተኛው፣ የራስ መብራት። በ24 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት የሚሠራ የኤልኢዲ መብራት ግዙ። ከጣሪያው አምፖል አትበደሩ፤ የእኛ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ተራ የመብራት ቱቦ፣ ርካሹ ኤልኢዲም ጭምር፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይዋዥቃል። ዓይናችሁ አያየውም፤ ካሜራው ግን አንዱን ጠርሙስ በደማቁ፣ ሌላውን በደብዛዛው ቅጽበት ይይዛል። «አንዳንዴ ብቻ» የሚሳሳት ካሜራ ስታገኙ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ነው።

«ታዲያ ኤክስፖዠሩን ላርዝመው» የሚል ብልህ አይጠፋም። ኤክስፖዠር ካሜራው ዓይኑን ገልጦ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ኮንቬየሩ በደቂቃ 30 ሜትር ቢሄድ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ነው፤ ካሜራው ዓይኑን ለ10 ሚሊሰከንድ ቢገልጥ፣ መልሶ እስኪከድነው ጠርሙሱ 5 ሚሊሜትር ይሄዳል። የቀን ማህተማችሁ ቁመቱ 3 ሚሊሜትር ነው። ምን ሊነበብ? ወደ 1 ሚሊሰከንድ ብታወርዱት ድብዝዝታው ግማሽ ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከዚያም በታች ውረዱ፤ የሚጎድለውን ብርሃን ከካሜራው ጋር አብሮ ብልጭ በሚል መብራት ሙሉት። ቀይ መብራትና ቀይ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ብትጨምሩ የውጩ ብርሃን በጣም ይቀንሳል። ግን ተጠንቀቁ፦ በቀይ መብራት ሥር በነጭ ላይ የታተመ ቀይ ጽሑፍ ይጠፋል። ይህን ሳያውቅ ቀይ አርማ በቀይ መብራት ሲፈልግ ሦስት ቀን የከረመ ሰው አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ።

ጥፋተኛዋን ጠርሙስ ትቶ ከኋላ ያለችውን ይገፋል

ካሜራው በትክክል አይቷል፤ ትእዛዙ ያለ ጊዜው ነው የደረሰው። ከካሜራው እስከ ፒስተኑ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ኮንቬየሩ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢሄድ መዘግየቱ 1.2 ሰከንድ ነው። አንድ ሰው ምርት ለመጨመር ፍጥነቱን ወደ 0.6 ሜትር ካሳደገው በዚያው 1.2 ሰከንድ ጠርሙሷ 72 ሳንቲ ሜትር ትሄዳለች፤ 12 ሳንቲ ሜትር አልፋለች። በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ልክ፣ ሁለት ጠርሙስ ነው። በጊዜ አትቁጠሩ፤ የኮንቬየሩ ዘንግ ላይ ኢንኮደር (የዘንጉን መዞር የሚቆጥር መሣሪያ) ግጠሙና በርቀት ቁጠሩ። ፍጥነቱ ካልተነካ ደግሞ የአየር ግፊቱን እዩ፤ 6 ባር የነበረው 4 ከደረሰ ፒስተኑ ይዘገያል። ኮምፕረሰሩን ማንም አያስብለትም፤ ውኃውን የሚያወጣለትም የለም።

ምንም ነገር ሳይኖር ይንቀሳቀሳል

በዚህ ላይ አልቀልድም። ቢጫ ክዳን አይቶ ካርቶን የሚገፋ አንድ የዘይት ማሸጊያ መስመር ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ከኮንቬየሩ ማዶ ሲያልፉ ገፊው ብረት ወጣ። በዚያች ቅጽበት አንድ ልጅ የተጣመመ ካርቶን ሊያቃና እጁን ዘርግቶ ነበር፤ የጃኬቱ እጅጌ ተቀደደ፤ እጁን አላህ ጠበቀው። «እትዬ፣ ምን ያዙ?» ብዬ ጀሪካኑን ወሰድኩና ከካሜራው ፊት ሦስት ጊዜ አመላለስኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ገፋ።

ካሜራው ጀሪካን ከክዳን ሊለይ የሚችልበት ነገር አልተሰጠውም፤ «ቢጫ» ብቻ ተብሏል። የሚያይበትን ክልል ኮንቬየሩ ላይ ብቻ አጥብቡ፤ ከበስተጀርባ ጥቁር ሰሌዳ አቁሙ፤ ከቀለሙ ጋር ቅርጽና ስፋት ጨምሩ፤ በተጨማሪም ዕቃ በቦታው መድረሱን የሚያረጋግጥ ተራ የብርሃን ሴንሰር አክሉና ሁለቱ ካልተስማሙ ማሽኑ አይንቀሳቀስ። አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ሠራተኛም እንደ ጀሪካኑ ነው።

ተራ ካሜራ የሰው እጅ መጠበቂያ አይደለም። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቁልፍ በፒኤልሲው (ማሽኑን በሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር) ፕሮግራም ውስጥ ሳይሆን በራሱ ገመድ ኃይሉን የሚቆርጥ ይሁን። የምትጠግኑት ኃይሉን አጥፍታችሁ፣ አየሩን አስተንፍሳችሁ፣ ማጥፊያውን ቆልፋችሁና ቁልፉን ኪሳችሁ ከትታችሁ ነው። ኃይል ጠፍቶ አየር ያለበት ፒስተን ይመታል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉንም ያሳልፋል

ፒኤልሲው በሰከንዶች ይነሣል፤ ካሜራው ለመነሣት ደቂቃ የሚጠጋ ሊፈጅ ይችላል። በዚያ መካከል ከካሜራው «መጥፎ» የሚል ምልክት ስላልመጣ ፒኤልሲው ሁሉን ደህና ብሎ ያሳልፋል። የቀን ማህተም የሌለበት ካርቶን ተጭኖ መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ የተደወለልኝ በዚህ ምክንያት ነው። ምልክቱን ገልብጡት፦ ካሜራው «ደህና» ሲል ብቻ ይለፍ፤ ዝም ካለ ኮንቬየሩ ይቁም። ይህን ገልብጦ ያልሠራ ገጣሚ ገንዘቡን በከንቱ ነው የበላው።

አንዳንዴ የሚያጋጥሙ

ስክሪኑ ላይ «መጥፎ» ይላል፣ ፒስተኑ ግን አይወጣም፦ የካሜራው ምልክት 5 ሚሊሰከንድ ብቻ ቆይቶ፣ ፒኤልሲው በየ10 ሚሊሰከንዱ የሚያይ ከሆነ አያገኘውም። ምልክቱን ወደ 50 አርዝሙት። አዲስ የተገጠመ ከሆነ የካሜራው መውጫ ፒኤንፒ (ምልክቱን በፕላስ የሚሰጥ)፣ የፒኤልሲው መግቢያ ኤንፒኤን (ማይነስ የሚጠብቅ) እንዳይሆን ተመልከቱ።

ኪውአር ኮዱ አይነበብም፦ በዙሪያው የአራት ትንንሽ ካሬ ስፋት ባዶ ነጭ ሊተው ይገባል፤ ማተሚያ ቤቱ ቦታ ለመቆጠብ ጠርዙን ቆርጦት ይሆናል። ሲታተም የስህተት ማረሚያ ደረጃውን ምረጡ፤ ዝቅተኛው 7 በመቶ፣ ከፍተኛው 30 በመቶ ገደማ ጉዳት ይችላል። በፕላስቲክ ከተጠቀለለ ነጸብራቁ እንዲሸሽ ካሜራውን 15 ዲግሪ ያህል አዘንብሉት።

ሁለት ካሜራ እየተፈራረቁ ይጠፋሉ፦ አንድ ዓይነት የኔትወርክ አድራሻ ይዘዋል።

መከላከያው ፕላስቲክ ተሰነጣጠቀ፦ አክሪሊክን በአልኮል ጠርጋችኋል። በላምባ የጠረገም አይቻለሁ። ለብ ያለ ውኃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፤ ሌላ ምንም።

ሌንሱ ሲገጠም ጉም ይለብሳል፦ ደሴ በጉም ያደረ ዕቃ ወደ ሞቃቱ ኮምቦልቻ ሲወርድ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ እርጥበት ይቋጥራል። ከነማሸጊያው አንድ ሰዓት አቆዩት።

በሌሊት ፈረቃ ብቻ ይሳሳታል፣ ምስሉም ላይ ስስ ክር ይታያል፦ ሸረሪት ነው። መብራቱ ዝንብና ትንኝ ይጠራል፣ ሸረሪቷም ተከትላ ሽፋኑ ውስጥ ትሰፍራለች። በየሳምንቱ በለስላሳ ብሩሽ አስወጧት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ ታገኟታላችሁ።